እትዬ በእንግሊዝኛ

የምሠራው ልብስ መሃል ተቀምጬ ነው። ልጄ ሶሊያና እዚህ አሜሪካ ዉድበሪ ከተማ የገዛችው ቤት ግድግዳው ስስ ነው፤ ታች ኩሽና ውስጥ ማንኪያ ቢወድቅ ላይ ድረስ ይሰማል። የስልክ ማስተርጎም ደግሞ ኮሽታ አይወድም። ስለዚህ የእሷ ልብስ መስቀያ ክፍል ውስጥ አንዲት ታጣፊ ወንበር አስገብቼ፣ ካፖርቶቹን ከጀርባዬ አድርጌ፣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ እውላለሁ። ፍርድ ቤቱም፣ ሐኪም ቤቱም፣ የልጆች ትምህርት ቤቱም እዚያው ይመጣልኛል። ሰው ሲናገር እኔም “እኔ” እያልኩ ነው የምናገረው፣ ሥራው እንደዚያ ነው። ሰውየው “እግሬን ያመኛል” ካለ እኔም በእንግሊዝኛ “እግሬን ያመኛል” ነው የምለው፤ “እግሩን ያመዋል” ብዬ አላወራለትም። ስም የለኝም፣ ቁጥር ነው ያለኝ። የራሴን ነገር መናገር የግድ ከሆነብኝ “አስተርጓሚዋ መናገር ትፈልጋለች” ብዬ፣ ራሴን እንደ ሌላ ሰው አስፈቅጄ ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ያልኩት ሦስት ጊዜ ቢሆን ነው። ዝም ማለት አይከብደኝም።

ሰኞ ነበር፣ የአርሴማ ዕለት። የነቢያት ጾም ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም። ቤተ ክርስቲያን መሳለም ሲገባኝ ሺፍት ይዤ ስለነበር ጸሎቴን ቶሎ ቶሎ አድርሼ ገባሁ። ሁለት ስልክ አስተናገድኩ፣ አንዱ የጥርስ ቀጠሮ፣ አንዱ የመኪና ቅጣት። ሦስተኛው ከአንዲት ትንሽ ካውንቲ፣ ማለት ወረዳ፣ ነበር፣ ወደ ዳኮታ ድንበር የተጠጋች፣ ከእኛ በመኪና ሦስት ሰዓት ተኩል የምታስነዳ፣ የበረዶ ዜና ላይ ካልሆነ ስሟን የማልሰማት። የደወለችው መንግሥት ባቆመው የጤና ኢንሹራንስ ገበያ በኩል ሰው የምታስመዘግብ ሴትዮ ናት። ፈጠን ፈጠን ትላለች። ከጃንዋሪ አንድ እንዲጀምር ዛሬ ማለቅ አለበት፣ ቢሯችን በአሜሪካ ሰዓት ከቀትር በኋላ አራት ተኩል ላይ ይዘጋል፣ ደንበኛዬ እዚሁ ጎኔ ተቀምጣለች፣ ስልኩ ስፒከር ላይ ነው አለችኝ። ከዚያ የደንበኛዋን ስም ለማንበብ ትታገል ጀመር። “አስ... ካ... ሊ...” እኔ “ካ” ላይ ስትደርስ አውቄዋለሁ። አስካለማርያም የሚባል ሰው አንድ ብቻ አይደለም ብዬ ልጽናና ስል ድምጿ መጣ። “ጤና ይስጥልኝ” አለች። እንደ ድሮዋ መጨረሻውን ትውጠዋለች።

አስካለ አዲስ አበባ እናቴ ቤት ሠራተኛ ነበረች። ዲቪ ሲደርሳት ስፖንሰር የሆንኳት እኔ ነኝ፣ ቲኬቷንም የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ሴንት ፖል መጥታ አሥራ አንድ ዓመት እኔ ቤት ተቀመጠች። ስትመጣ ሶሊያና አሥር ዓመቷ፣ ታናሽ ወንድሟ ዮሲ ሰባት ነበር። አባታቸው ሞቶ እኔ ነርሲንግ ሆም ሁለት ሺፍት ስሠራ ቤቱም ልጆቹም በእሷ እጅ ነበሩ። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ቀን ልብሷን በሁለት የቆሻሻ ላስቲክ ጠቅልላ ወጣች። ለሰው ሁሉ “ከዳችኝ” ብዬ ነው የነገርኩት። ሰውም ከንፈሩን መጠጠልኝ።

ደንቡ ግልጽ ነው። የምታውቂው ሰው ከመጣብሽ ትናገሪያለሽ፣ ሌላ አስተርጓሚ ይተካል። አልተናገርኩም። የመጨረሻ ቀን ነው፣ ሌላ የአማርኛ ሰው እስኪገኝ ጊዜው ይሄድባታል፣ ለእሷው ብዬ ነው አልኩ በልቤ። እግዚአብሔር ግን ያያል። የቆየሁት ስለ እኔ ምን እንደምትል ልሰማ ነው። ድምፄን ወፈር አድርጌ እንደ ሬዲዮ ዜና አንባቢ መናገር ጀመርኩ። ደንበኛ ደግሞ “እርስዎ” ነው የሚባለው። አሥራ አንድ ዓመት “አንቺ”፣ ሲብስብኝም “አንቺ ልጅ” ስላት የኖርኩትን ሰው፣ “ዓመታዊ ገቢዎ ስንት ነው?” አልኳት። ጠዋት ሞቴል ታጸዳለች፣ ማታ የአዛውንቶች ቤት ወጥ ቤት ትሠራለች። ሁለቱም ግማሽ ቀን ስለሆነ ኢንሹራንስ የሚሰጣት የለም። ገቢዋ ደግሞ ለድሆች የሚሰጠውን ነጻ ሕክምና ከሚያስገኘው ትንሽ ያልፋል። ያለው መንገድ ከገበያው በመንግሥት ድጎማ መግዛት ነው።

ካውንቲዋ ትንሽ ስለሆነች እዚያ ኢንሹራንስ የሚሸጡት ሁለት ኩባንያ ብቻ ናቸው። ሴትዮዋ ዋጋቸውን በየተራ አነበበች። ፕላኖቹ የነሐስ፣ የብር፣ የወርቅ ነው የሚባሉት። “የብሩ ይሻልዎታል” ብዬ ሳስተላልፍላት አስካለ፣ “ኧረ ነሐሱስ ቢሆን በብር አይደለም እንዴ?” አለች። ሳላስበው ሳቅ አመለጠኝ። ሴትዮዋ ምን ተብሎ ነው አለች። ብር ማለት ማዕድኑም ገንዘቡም ነው እያልኩ ቀልዱን ሳስረዳ ቀልዱ እጄ ላይ ሞተ። “ኦኬ” አለች ሴትዮዋ። አስካለ ግን ሳቋን ቀጥ አድርጋ ነበር። ሳቄን አውቃው ይሆን ብዬ ድምፄን ይበልጥ አወፈርኩት።

የምትቸኩልበት ምክንያት በሽታ ነው። አንገቷ ላይ ዕጢ ወጥቶባታል፣ ጃንዋሪ አሥራ ሁለት በኦፕራሲዮን ሊያወጡላት ቀጠሮ ተይዟል፣ ሐኪሙ ዕጢው ወጥቶ ሳይታይ ክፉ ይሁን ደግ አላውቅም ብሏታል። “ኢንሹራንስ ከሌለኝ ቀጠሮዬን ይሰርዙታል” አለች። “ኢንሹራንስ ከሌለኝ ቀጠሮዬን ይሰርዙታል” አልኩ እኔም በእንግሊዝኛ። ሳላውቀው እጄ አንገቴን ይዞ ነበር። ዋጋው በድጎማ በወር መቶ ዘጠና ስድስት ዶላር ነው፣ ያለ ድጎማ አምስት መቶ አርባ ስምንት። ሴትዮዋ ኮምፒዩተሯን ስትቀጠቅጥ ቆይታ በመሃል ቆመች። ድጎማው ተዘግቷል አለች። አምና ድጎማ ተቀብላለች፣ የዚያን ዓመት ታክስ ግን አላስገባችም።

“አስገብቼ ነበር፣ ኮምፒዩተሩ መለሰው” አለች አስካለ። “ሌላ ሰው አስቆጥሮሻል፣ ዲፔንደንት ነሽ አለኝ። ጥፋቱ የኔ መስሎኝ ተውኩት።”

ዲፔንደንት የሚባለው አንድ ሰው ታክስ ሲያሠራ “እኔ ነኝ የማስተዳድራት” ብሎ የሚያስቆጥረው ሰው ነው። ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ። ስትወጣ ጊዜ አቁሜ ነበር። አምና ግን ሰዓት ቀንሰውብኝ ግራ ገብቶኝ ሳለ፣ ታክስ የሚሠራልኝ ሆርዶፋ የድሮ ወረቀቴን እያገላበጠ “አስካለማርያም አሁንም አለች?” ሲለኝ፣ “አለች” አልኩት። በሕይወት አለች ማለቴ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ያን ሳምንት ንስሐ አባቴ ዘንድ ገብቼ፣ ሐሜቱንም ቁጣውንም ተናዝዤ፣ ይቺን “አለች” ዘለልኳት። የተቀነሰልኝ አምስት መቶ ዶላር ነው። የመኪና ጎማ ገዛሁበት።

ሴትዮዋ፣ ማን እንዳስቆጠራት ታውቅ እንደሆነ ጠየቀች። አስካለ ዝም አለች። በሥራችን ዝምታ አይተረጎምም፣ ይጠበቃል። ጠበቅኩ። “አውቃለሁ” አለች በመጨረሻ፣ “ስማቸውን ግን አልናገርም።” እኔም እንደዚያው አልኩ። አብራቸው ትኖራለች ወይ? ከስድስት ዓመት በፊት ወጥቻለሁ። ይረዷት ነበር ወይ? እዚህ ላይ አስካለ ረጅም ትንፋሽ ወሰደች። “ያመጡኝ እሳቸው ናቸው። ልጆቻቸውን አሳድጌያለሁ። ደሞዝ አልነበረኝም፣ ቤተሰብ ነሽ ይሉኝ ነበር። ምድር ቤት ማሞቂያው ጎን ነበር የምተኛው። ልጆቹ ግን ይወዱኝ ነበር።” አንድም ቃል መዝለል አይፈቀድም። ስለዚህ ልብሶቹ መሃል ተቀምጬ፣ ጮክ ብዬ፣ በእንግሊዝኛ አልኩት። ልጆቿን አሳድጌያለሁ አልኩ። ደሞዝ አልነበረኝም አልኩ። ማሞቂያው ጎን ነበር የምተኛው፣ ልጆቹ ግን ይወዱኝ ነበር አልኩ። የገዛ ልጆቼን በገዛ አፌ የሌላ ሰው ልጆች አደረግኋቸው። ከበሩ ውጪ ወለሉ ጧ ሲል ሰማሁ። ሶሊያና ማታ ገቢ ስለሆነች ቤት ነበረች።

“ለመሆኑ ይቺ ሴት ምኗ ናት?” አለች የካውንቲዋ ሴትዮ። “ዘመድ ናት?”

“እትዬ ናቸው” አለች አስካለ።

እትዬ እንግሊዝኛ የለውም። ሰው ታላቅ እህቱን እትዬ ይላል። የጎረቤት ልጅም በዕድሜ ከፍ ያለችውን እትዬ ይላል። ሠራተኛም የቤቷን እመቤት እትዬ ትላለች። የሠራተኛዋ እትዬ ከሌላው በምንም አይለይም፣ የሚለየው ተጠርተሽ ስትመጪ ምን እንደምትታዘዢ ነው። አስካለ የቱን እንዳለች ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው የለም፣ ስትጠራኝ የኖረች እኔን ናትና። መዝገበ ቃላት ቢገለጥ ግን እኔን የሚከስ ነገር አይገኝበትም። ሳላስበው ከአፌ ወጣ ብል ዛሬም ሌላ ኃጢአት ነው። አስቤበታለሁ። አሠሪዋ ካልኩ ሴትዮዋ ቀጥላ አሠሪ ሆና ደሞዝ እንዴት አትከፍልም ትላለች፣ ትጽፋለች፣ ነገሩ ይመጣል፣ ልጆቼ ይሰማሉ።

“ማይ ኦልደር ሲስተር” አልኩ።

“ኦ፣ እህት ናት” አለች ሴትዮዋ፣ ድምፅዋ ወረደ። እህት ከሆነች ነገሩ ይለያል፤ እህት አብራ ባትኖርም ልታስቆጥር የምትችልበት መንገድ አለ፣ እኔ እዚህ መወሰን አልችልም፣ ለሚያጣራው ክፍል እልከዋለሁ፣ እስከ አርባ አምስት ቀን ይፈጃል። ያስቆጠረቻት ባዕድ ብትሆን ኖሮ ደንበኛዬን ዛሬውኑ አስፈርማት፣ ታክሱንም በወረቀት ትልከው ነበር አለች። ይህን ሁሉ ለአስካለ በአማርኛ አስተላለፍኩ። “እህት ከሆነች” ስል ቀስ ብላ “ሲስተር?” አለች። ያቺን ቃል እንደ ጥያቄ ተርጉሜ ለሴትዮዋ ማቀበል ነበረብኝ። አላቀበልኩም። ሴትዮዋ ራሷ “የስ፣ ሲስተር” አለቻት። ከዚያ ወዲያ አስካለ ብዙ አልተናገረችም። ባለ አምስት መቶ አርባ ስምንቱን ትወስጃለሽ ወይ ስትባል አልችልም አለች። ቀጠሮሽን እንዲያራዝሙልሽ ደውይ ስትባል እሺ አለች። “እግዜር ይስጥልኝ” ብላ ተነሣች፣ ወንበሩ ሲጎተት ተሰማኝ። ጥሪው ሲዘጋ ስክሪኑ ላይ የጥሪውን ጥራት ከአንድ እስከ አምስት ስጪ የሚል መጣ። ሁሌም እንደማደርገው አምስትን ነካሁ።

ስወጣ ሶሊያና መተላለፊያው ላይ የታጠበ ልብስ በቅርጫት ይዛ ቆማለች። ልብሱ ታጥፏል፣ ቅርጫቱን ግን አላስቀመጠችውም። “ዋዝ ዛት አስካለ?” አለችኝ። የሥራ ምስጢር ነው፣ የሰው ጉዳይ አይወራም አልኳት። ደንቡ ደግ ሆኖልኝ የተደበቅኩበት ያን ቀን ነው። አየችኝ። ነርስ ናት፣ የታመመ ሰው አይታ ዝም ማለት ትችልበታለች። ወደ ክፍሏ ገብታ ልብሱን መሳቢያ ውስጥ ከተተች፤ እኔ ታች ኩሽና ወርጄ ምድጃው ላይ ያለውን የጾም ምስር አማሰልኩ። ከዚያ ወርዳ፣ በአማርኛ፣ ቃላቱን እየለቀመች፣ “ማሚ፣ አስካለ እኛ ቤት ስትኖር ኢንሹራንስ ነበራት?” አለችኝ።

“ያኔ እንደዚህ ቀላል አልነበረም።”

“ጥርሷን ሲያማት ምን አደረግሽላት?”

“ቅርንፉድ” አልኩ። እውነቴን ነው፣ ቅርንፉድ ነው የሰጠኋት። በዚያው ወር ለሶሊያና ጥርስ ብረት አሳስሬላት ነበር። አስካለ ፊቷ አንድ ጎን አብጦ፣ በጨርቅ አስራ፣ ዮሲን አውቶቡስ ስታሳፍር የነበረው አሁን እንደ ፎቶ መጣብኝ። ሶሊያና ሌላ አልጠየቀችም። ስልኳን አውጥታ መጻፍ ጀመረች፣ ለዮሲ እንደሆነ አውቄያለሁ። ዮሲ ሻኮፒ ከተማ፣ መጋዘን ውስጥ ነው የሚሠራው፣ እረፍት ላይ ካልሆነ መልስ አይሰጥም፤ ያን ቀን ግን ወዲያው መለሰላት። ምን እንዳለ አላሳየችኝም። ቁልፌን አነሣሁና ወጣሁ። ወዴት ነው ያለኝ የለም።

የሄድኩት ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ሆርዶፋ ጋ ነው። ቢሮው ስልክ ከሚጠግን ሱቅና ከአንዲት ጸጉር ቤት መሃል ነው፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ማሞቂያ፣ ግድግዳው ላይ ከሦስት ዓመት በፊት ያለፈበት ካላንደር። ያለ ወቅቱ መምጣቴ ገርሞት፣ “የሶሊያና እናት! ታክስ እኮ ገና ነው፣ ወይስ ናፍቄሽ ነው?” አለኝ። ተቀመጥኩና የአምናውን አስተካክልልኝ፣ አስካለማርያምን አውጣት አልኩት። ፋይሉን ከፈተ። ማስተካከል ይቻላል፣ አምስት መቶውን ከነወለዱ ትመልሻለሽ፣ ወረቀቱ ደርሶ እስኪታይ ግን አራት ወር ነው አለኝ። ለጃንዋሪ አይደርስም? ለፋሲካም ከደረሰ ጥሩ ነው አለ። ከዚያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አውጥቶ አየኝ። “ግን ምን ሆና ነው? እህትሽ አይደለችም እንዴ?”

“ሠራተኛዬ ነበረች” አልኩት። አሜሪካ ከገባሁ ይህን ለማንም ብዬው አላውቅም። ዘመድ ናት እል ነበር፣ አብራን ናት እል ነበር።

“እኔ እህት ብዬ የጻፍኩት አንቺ ስላልሽኝ ነው።”

“እኔ አላልኩም። አንተ ‘እህትሽ?’ ስትለኝ ዝም አልኩ።”

“እንግዲያው ዝምታሽን ነዋ ፋይል ያደረግኩት!” ብሎ ሊስቅ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው። የሆነውን ከፊሉን ነገርኩት። አንዲት ካውንቲ ውስጥ ኢንሹራንስ ልትገዛ ሄዳ እህቷ ናት ተብሎ እንደዘጉባት፣ ኦፕራሲዮን እንዳለባት። ሆርዶፋ ጠረጴዛውን መታ። “እህት ካልሆነች፣ አብራሽም ካልኖረች ይሄማ ምንም ችግር የለውም። ያቺ ሴትዮ አንድ መስመር ታርማለች፣ ታስፈርማታለች፣ አለቀ! እህት ናት ያላቸው ማን ነው?”

“አስተርጓሚዋ” አልኩ።

“የት አገር አስተርጓሚ ናት! እንዲህ ያለችውን ማባረር ነበር” አለ። አዎ አልኩት።

ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩ። ባቡሩ ደወሉን እየመታ አለፈ፣ ሰዉ አንገቱን ቀብሮ ይሻገራል፣ መሸት ማለት ጀምሯል። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ቆይቷል፣ እህል የሚባል ትዝ አላለኝም። ተነሥቼ ቤተ ክርስቲያን ልሂድ፣ እዚያ ልውደቅና ላልቅስ ብዬ አሰብኩ፤ ማልቀሱ እኔን ያሳርፈኛል፣ አስካለን ግን ከኦፕራሲዮን ጠረጴዛው አያደርሳትም። የካውንቲዋን ቢሮ ቁጥር ከኢንተርኔት ፈልጌ አወጣሁ። ጥሪ ካለቀ በኋላ ደንበኛ መፈለግ ከሥራ ያስወጣል፣ ስቀጠር የፈረምኩት ነው። የልጄ ቤት ነው የምኖረው፣ በስልሳ ሁለት ዓመቴ ይሄን ሥራ ባጣ ሌላ የሚቀጥረኝ እንደሌለ አውቃለሁ። መኪናው ውስጥ ያለው ሰዓት አራት ከአሥር ይላል። ደወልኩ።

“የጠዋቷ አስተርጓሚ ነኝ” አልኳት። “አንድ ቃል አጥፍቻለሁ።”

“የቱን ቃል?”

“ሲስተር ያልኩት ልክ አይደለም። እህቷ አይደለችም፣ አሠሪዋ ነበረች። ከስድስት ዓመት ወዲህ አብረው አልኖሩም፣ በዝምድናም አይገናኙም።”

“ይሄን አንቺ እንዴት ልታውቂ ቻልሽ?” አለች። አፌ ለምዶ “አስተርጓሚዋ መናገር ትፈልጋለች” ሊል ነበር። “ሴትዮዋ እኔ ነኝ” አልኩ። “ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ። ልጆቹም የእኔ ናቸው።” ከዚያኛው በኩል የወንበር ጎማ ሲንከባለል ብቻ ሰማሁ። ይህን ሥራ ስትሠራ ብዙ ነገር ሳትሰማ አልቀረችም፤ ስድብ ጠብቄ ነበር፣ አልሰደበችኝም። ከደንበኛዬ አፍ ካልሰማሁ ግን ማረም አልችልም፣ አሁኑኑ መስመር ላይ አስገባታለሁ፣ አስተርጓሚም እጠራለሁ አለች። ቆየት ብላም፣ “መቼም አንቺን አስተርጉሚ አልልሽም” አለች።

አስካለን ያገኘናት የአዛውንቶቹ ወጥ ቤት ነው፣ ከጀርባዋ ሰሃን ይንኳኳል። አስተርጓሚዋ ስሟን ሳይሆን ቁጥሯን ተናገረች፣ ድምፅዋ የወጣት ነው፣ ጎበዝ ናት፣ ትርፍ ቃል የላትም። ሴትዮዋ፣ ባለፈው ዓመት ያስቆጠሩሽ ሴት መስመር ላይ ናቸው፣ እህቷ አይደለሁም ይላሉ፣ እውነት ነው ወይ አለች። ወጣቷ በአማርኛ አቀበለቻት። የሰሃኑ ድምፅ ቆመ። እኔ ጭንቅላቴን መሪው ላይ ደፍቼ ነበር። አስካለ ከአዲስ አበባ ጀምሮ ከጀርባዬም ቢሆን እሳቸው ብላ እንጂ እሷ ብላኝ አታውቅም፣ ስሜን ለመደበቅ ስትጨነቅ ጠዋትም አላለችኝም።

“እህቴ አይደለችም” አለች።

አስተርጓሚዋ “ሺ ኢዝ ኖት ማይ ሲስተር” አለች። ልክ ነው፣ እኔም ብሆን ሌላ የምለው የለኝም፣ እንግሊዝኛው ከዚያ በላይ አይዝም። ሴትዮዋ ኮምፒዩተሯን ቶሎ ቶሎ መታች። አብረው አይኖሩም፣ አይኖሩም። ትረዳሽ ነበር፣ አትረዳኝም። ታክሱን በወረቀት ዛሬ ፈርመሽ ትልኪያለሽ፣ እልካለሁ። ስልኳ ላይ የላከችላትን እንድትነካ ነገረቻት፣ አስካለ ነካች። መቶ ዘጠና ስድስት መጣ፣ ከጃንዋሪ አንድ ይጀምራል፣ ቀጠሮሽን እንዳትሰርዢ ተባለች። አራት ሰዓት ከሃያ ስድስት ነበር። ሴትዮዋ፣ ከመዝጋታችን በፊት ሌላ የሚጨመር ነገር አለ ወይ አለች፣ ለሁላችንም።

“አስካለ፣ ይቅር በይኝ” አልኩ በአማርኛ።

ወጣቷ ሥራዋን ሠራች። “አስካለ፣ ፕሊዝ ፎርጊቭ ሚ” አለች በእንግሊዝኛ፣ ድምፅዋ አልተንቀሳቀሰም። ሴትዮዋ አሁንም እየጻፈች ነበር፣ ይቅርታው ለተፈጠረው መጉላላት መስሏት፣ ደስ ብሏት፣ “ኖ ፕሮብሌም!” አለች። ወጣቷም ደንቡ ነውና ወዲያው ወደ አማርኛ መለሰችው።

“ችግር የለም” አለች፣ ጥርት አድርጋ።

በአማርኛ ስለሰማሁት ለአንድ አፍታ አስካለ ይቅር ያለችኝ መሰለኝ። ከዚያ የማን ቃል እንደሆነ ገባኝና አስካለ ራሷ እስክትናገር ጠበቅኩ። ሰሃኖቹ እንደገና ይንኳኩ ጀመር፣ ውሃ ተከፈተ፣ በመጨረሻም የእሷ መስመር ቀድሞ ተዘጋ።